ስፋቱ አንድ ክብሪት

ድሬዳዋ ተወልዶ ባቡር ያልሠራ ልጅ አለ ቢሉኝ አላምንም። ባቡር ያልተሳፈረ ይኖራል፤ ቲኬት ገንዘብ ነው። ያልሠራ ግን ከየት ይመጣል? ከተማዋ ራሷ እኮ የባቡር ሥራ ናት! አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ተራራው እምቢ አለ፣ ወጪውም ናረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ደርሶ ሐረርን ሳያይ ቀረ። አጠገቡ ከተማ በቀለች፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ያሏት፣ ኋላ ድሬዳዋ የሆነችው። እንግዲህ የእንዲህ ያለች ከተማ ልጆች ምን ይሥሩ? መርከብ?

የማወራው ስለ 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት አልፎ ባቡሩ እንደገና መመላለስ ጀምሯል፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላቸውን መንገዱ ላይ ዘርግተዋል፣ እኛም ማኅበር አለን። ማኅበር ስላችሁ ሰብሳቢና ጸሐፊ ያለው እንዳይመስላችሁ። አንድ ቅያስ ላይ የምንኖር፣ ጉልበታችን ሁልጊዜ የተላጠ ልጆች ነን። መግቢያው አሥር ቆርኪ ነው፤ ያውም ያልተጣመመ። የኮካ ቆርኪና የቢራ ቆርኪ እኩል ይቆጠሩ አይቆጠሩ በሚለው ጉዳይ የተነሣው ጭቅጭቅ እኔ ከተማዋን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ እልባት አላገኘም። ግምጃ ቤታችን የኒዶ ጣሳ ናት። ስም አላወጣንም፤ የሌላ ሰፈር ልጆች ግን «እነዚያ የሽቦ ልጆች» ይሉናል። ስድብ መሆኑ ስላልገባን ደረታችንን ነፍተን እንሄዳለን።

የተጀመረው በሽቦ መኪና ነው። የሽቦ መኪና የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና አላብራራም። ነገር ግን መኪናን የትም ሰፈር ያለ ልጅ ይሠራታል። ድሬ ውስጥ፣ መሬቱን እያንቀጠቀጠ የሚያልፈውን ያን ግዙፍ ነገር እያዩ መኪና ላይ ብቻ መቅረት ነውር መሰለን። ባቡር ይሠራ ተባለ። ባቡር ደግሞ ሐዲድ ይፈልጋል፤ ጉዱ እዚህ ላይ መጣ።

ሐዲዱን ያገኘነው ቀፊራ ገበያ ነው። የጨርቅ ቦንዳና የዕቃ ሣጥን የሚታሰርባት፣ ስፋቷ ጣት የምታህል ስስ ብረት አለች። ነጋዴው ቆርጦ ይጥላታል፣ እኛ ተሻምተን እናነሣታለን። ጠርዟ ምላጭ ነው፤ የማኅበራችንን አባል በመዳፉ ጠባሳ ትለዩት ነበር። ይህችን ብረት በጠፍጣፋው ብታነጥፏት አትረባም። በጠርዟ ስታቆሟት ግን አለቀ፣ ሐዲድ ናት! ከጣውላ ቁርጥራጭ አጫጭር እንጨት እናዘጋጃለን፣ በእያንዳንዱ ላይ በመጋዝ ሁለት ስንጥቅ እናወጣለን፣ ብረቷን በስንጥቁ አቁመን በድንጋይ መታ መታ እናደርጋታለን። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ስፋት የሚወስነው ክብሪት ነው። የክብሪት ሣጥን በቁመቷ ልክክ ካለች መስመሩ ጸደቀ፤ ከተንቀጫቀጨች ይፈርሳል። ሜትር ገዝቶ የሚሰጠን ማንም አልነበረም፤ ክብሪት ግን ከየትኛውም ሱቅ ብትገዛ ያው ናት።

ዛሬ ሳሰላው ያስቀኛል። የትልቁ ባቡር ሐዲድ ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር፤ የክብሪት ሣጥን 5 ሳንቲ ሜትር ግድም ናት። ሳናውቀው ከእውነተኛው 20 እጅ ያነሰ ባቡር ስንሠራ ነበር ማለት ነው፤ መሐንዲስ ቢቀጠር ከዚህ የተሻለ ድፍን ቁጥር አይመርጥም! ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው 784 ኪሎ ሜትር በእኛ ልክ ቢዘረጋ 39 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። የእኛው መስመር ከግቢው ቧንቧ ተነሥቶ የሎሚውን ዛፍ ዞሮ ዶሮ ቤቱ ጋ ያበቃል። ጣቢያ ግን አልጎደለበትም፤ ቧንቧው ጅቡቲ ነው፤ ከዚያ ደወሌ፣ አይሻ፣ ሽኒሌ። ድሬ በረንዳው ሥር ናት፣ ያውም ባለ ሁለት መስመር። የኤረር ብርቱካን ስመ ጥር ስለነበረ ኤረርን የሎሚው ዛፍ ሥር አደረግናት፤ ዘመድ ነው ብለን። የልብስ እጣቢ የሚፈስበት ቦይ አዋሽ ሆነ፤ ድልድይ የተሠራለትም እሱ ብቻ ነው። ዶሮ ቤቱ ለገሃር ነው። አዲስ አበቤዎች እንዳይቀየሙን፤ የቀረን ቦታ እሱ ነበር።

ባቡሩስ? የመጀመሪያዋ ሊቶሪና ነበረች። ሊቶሪና ማለት ጣሊያን በወረራው ዘመን ያመጣት፣ ሞተሯም መንገደኛዋም በአንድ ቤት ውስጥ የሆነች ፈጣን ባቡር ናት፤ ጣሊያን ቢሄድም ስሙ ሰው አፍ ላይ ቀርቷል። የሰርዲን ቆርቆሮ ጥጋ ጥጉ ክብ ነው፤ ገልብጣችሁ መስኮት ስትስሉበት ቁርጥ ሊቶሪናን ይወጣዋል። ቀጥሎ የዕቃ ባቡር መጣ። እዚህ ላይ የውበት ጥያቄ ተነሣ። ከሰል የሚበላው ባቡር በ1940ዎቹ ለዲዝል ቦታውን መልቀቅ ስለጀመረ እኛ ሲጨስ ያየነው ጭስ የለም። ቢሆንም ጭስ ማውጫ የሌለው ባቡር ባቡር አይመስልምና በዲዝሉ አናት ላይ የእስክሪፕቶ ክዳን ተከልንበት። ሲያምር!

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ የሎሚው ዛፍ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። በቀስታ ቢገፋም ይወድቃል፣ በፍጥነት ቢገፋም ይወድቃል። ሐዲዱን አፍርሰን ሠራን፣ ክብሪት አስገባን፣ ክብሪቷ ልክክ አለች፤ ባቡሩ ወደቀ። ኤረር ላይ የተገለበጠውን ሰርዲን ብንቆጥር መርከብ ይሞላ ነበር።

ያዳኑን ጎረቤታችን ናቸው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሼፍ» ይላቸዋል። የወርክሾፑ ሰዎች የማይናቁ ሰዎች ናቸው። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አይጠብቁም፤ ብረቱን ራሳቸው አቅልጠው ያፈሱታል፣ በቶርኖ ያወጡታል። ንግግራቸውም ለብቻው ነው፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና ፈረንሳይኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሳፍሮ ማንም ከማንም ሳይጋጭ ይደርሳል። ሼፍ አንድ ማታ በሰማያዊ ቱታቸው ሲገቡ እኛ ኤረር ላይ አደጋ እናነሣለን። ቁጢጥ ብለው አዩ። መጀመሪያ ያሳሰባቸው ጭስ ማውጫው ነው። «ይሄ ዲዝል አይደለም እንዴ? ምን ይሠራል ይሄ?» አሉ። «ለማማር ነው ሼፍ» አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ባቡሩን አንሥተው ሆዱን አዩት። ጎማው ቆርኪ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ምስማር ላይ ልቅ ብሎ ይዞራል። «አይ እናንተ ልጆች! ሐዲዱ ምን በደላችሁ?» ብለው ተነሥተው በረንዳው ላይ ከሚሰፋው ልብስ ሰፊ አንድ ባዶ የክር እንጨት ለመኑ። የድሮው የክር ማጠንጠኛ ከእንጨት ነበር፤ ጫፍና ጫፉ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ከጫፉ ወደ ወገቡ ተዳፋት ያለው። ሼፍ መሐሉን በመጋዝ ለሁለት ቆረጡት። ሁለቱን ግማሾች ሰፊው ጫፍ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አንድ ረጅም ምስማር ላይ ጥብቅ አድርገው ሰኳቸው።

«ይህን ከንፈሩን ዐየኸው? እሱ ዘበኛ ነው፤ ከሐዲድ እንዳትወጣ ይጠብቃል። ሠራተኛው ግን ዘበኛው አይደለም፣ ይሄ ተዳፋቱ ነው» አሉኝ። መታጠፊያ ላይ ባቡሩ ወደ ውጭ ይገፋል። ሲገፋ የውጭው ጎማ በወፍራም በኩሉ፣ የውስጡ በቀጭን በኩሉ ሐዲዱን ይረግጣል። ሁለቱ አንድ ዘንግ ላይ ስለታሰሩ እኩል ይዞራሉ፤ ነገር ግን ወፍራሙ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ቀጭኑ ትንሽ። ባቡሩ ማንም መሪ ሳይጠመዝዝለት ራሱ ይታጠፋል! የትልቁ ባቡር ጎማም እንዲሁ ነው፤ ዓይን የማይለየው ተዳፋት አለው። ሼፍ ምስማሩን ሐዲዱ ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ተንከባለለ፤ ኤረርን ዞረ፤ አዋሽን ተሻገረ፤ ዶሮ ቤቱ ገባ። የዚያን ለት የጮህነውን ጩኸት ሽኒሌ ሳይሰሙት አልቀሩም። እውነተኛዋን ሽኒሌ ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊዎቹ መከራቸውን አዩ። ክሩ ሳያልቅ እንጨቱን የምንለምን ሆንን!

ቀጥሎ ሞተር መጣ። ከተበላሸ ቴፕ ውስጥ የሚወጣ ዲናሞ ነው። ዲናሞው በጣም ፈጣን፣ ጉልበቱም ትንሽ ነው፤ እሱን በቀጥታ ጎማው ላይ ብትገጥመው ተንጫርሮ ዝም ይላል። ከብስክሌት ካመነዳሪ ስስ ላስቲክ ቆርጠን ከዲናሞው ቀጭን ዘንግ ወደ ትልቅ የክር እንጨት ስንጠመጥመው ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። መጎተት ጀመረ። የባትሪ ድንጋይ ግን ውድ ነው። ያለቀ ባትሪ ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ የታወቀ ነው። ያ ካልሠራ በጥርስ ይነከሳል። የትኛው ባትሪ የማን እንደሆነ በጥርሱ ምልክት ይታወቅ ነበር፤ የፊት ጥርስ የሌለው አባላችን ባትሪ ተሰርቆበት አያውቅም። (ዛሬ ልጅ ባትሪ ሲነክስ ባይ እጮሃለሁ፤ ያኔ ግን ማን ነገረን?)

መስመራችን ነጠላ ነው፣ እንደ ትልቁ። በነጠላ መስመር ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ አንዱ ጣቢያ ለሌላው ሳይነግር ምንም አይነቃነቅም። ለዚህ ሁለት ጣሳ በሲባጎ አገናኝተን ስልክ አበጀን። የድሬው ሼፍ ደጋር፣ የጣቢያው ሹም ማለት ነው፣ የአንዱ ጓደኛችን ታናሽ እህት ሆነች። መጀመሪያ ያስገባናት ፊሽካ ስለነበራት ነው፤ እውነቱን ልናገርና ፊሽካዋን ብቻ ነበር የፈለግነው። ሥልጣኑን ከያዘች በኋላ ግን የሚነቀንቃት ጠፋ። ባትሪው እየሞተ፣ ዲናሞው እያጓራ፣ ሁላችን እየለመንናት «ከአዋሽ አልተፈቀደም» ብላ ቀይ ጨርቋን ይዛ ትቆማለች። አዋሽ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ምሳ ሊበላ ገብቷል። እሷ በተሾመችበት ዘመን ሁለት ባቡር ተጋጭቶ አያውቅም፤ ወዲያ ወዲህ ያለም ባቡር ብዙ አልነበረም።

መንገደኛና ጭነትም ነበረን። ጨው በክዳን፣ ከሰል በቆርቆሮ፣ አንዳንዴ ከሰርግ የተረፈ ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ፤ እሱ ግን መድረሻው ላይ ሳይደርስ ክብደቱ ይቀንሳል። ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር ያለ ኮንትሮባንድ ምን ባቡር ነው? ስለዚህ ማስቲካ በሰርዲኑ ሆድ ሥር እንለጥፋለን፣ ሌላው ልጅ ፊናንስ ይሆንና ሽኒሌ ላይ አስቁሞ ይፈትሻል። ፊናንስነት በዕጣ ነበር፤ ምክንያቱም የተያዘውን ማስቲካ የሚያኝከው ፊናንሱ ነው። ምን ዓይነት ምናብ ይሄ? ምንም ምናብ አይደለም፤ ጣቢያው በር ላይ ቆመን ያየነውን ነው የሠራነው። ሴቶቹ ከሠረገላው ሲወርዱ ከተሳፈሩበት ወፍረው ነበር የሚወርዱት፤ ቀሚስ በቀሚስ ላይ!

መሣሪያችንን ደግሞ ትልቁ ባቡር ራሱ ይሠራልን ነበር። ምስማር ሐዲዱ ላይ አጋድመህ ዞር ትላለህ፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ምስማሩ ተዳምጦ ለጋ ትኩሳት እንዳለበት ታገኘዋለህ። ጫፉን ድንጋይ ላይ ስትሞርደው ካቻቪቴ ነው። ቴፑን ሁሉ የፈታነው በዚያ ነው። ዘበኛ ካየህ ግን ካቻቪቴውን ትተህ ነፍስህን ታድናለህ።

እንዲህ ስንል አደግን፤ ተበተንን። ማኅበሩ መቼ እንደፈረሰ አይታወቅም፤ ስብሰባ ኖሮት ስለማያውቅ መበተኛ ስብሰባም አልነበረውም። የሎሚው ዛፍ ተቆረጠ፣ ዶሮ ቤቱ ኪራይ ቤት ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው ባቡርም ቀረ።

አሁን ኤረር ጣቢያ ላይ ሎሚ ይሸጥልን የነበረው ልጅ ለንደን ነው፤ ሽበቱ ከኔ ይብሳል። እሱ ጋ የሄድኩ ጊዜ አንድ እሑድ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ከከተማው ዳር ያለ መናፈሻ ወሰደኝ። ወይ ጉድ! ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፤ የሠሩት ባቡር ጉልበት የሚደርስ፣ ሐዲዱ 12.7 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ። ከሰሉን እንደ ሽምብራ ከትክተው ማንኪያ በምታህል አካፋ ይከቱለታል፤ እውነተኛ እሳት፣ እውነተኛ እንፋሎት! ያቺ ሚጢጢ ሎኮሞቲቭ አሥር ጎልማሳ ደርድራ እያፏጨች ትሄዳለች። ለካስ እንግሊዞች ይህን በማኅበር ከያዙት ቆይተዋል። ፐርሲቫል ማርሻል የሚባል ሰው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች መጽሔት የጀመረው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው፤ የለንደኑም ማኅበር የዚያው ዓመት ልጅ ነው። ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ. በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሌላ ሰው ደግሞ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. «ትንሽ ሎኮሞቲቭ በከሰል ሰው አትጎትትም» የሚሉትን ሠርቶ አሳይቶ አፋቸውን አስያዘ፤ ከዚያም ተራው ሠራተኛ ቤቱ እንዲሠራ ንድፉን ደረጃ በደረጃ ሲጽፍ ኖረ።

ሥርዓታቸው ግን ያስቀናል። ማሞቂያው ከመዳብ ነው፤ አዲስ ሲሆን ውሃ ሞልተው በሚሠራበት ግፊት እጥፍ ይፈትኑታል፣ የምስክር ወረቀት ይጻፍለታል። ያለ ወረቀት እሳት አይነካም። እኛ ባትሪ ነክሰን ነው ያስነሣነው! ጓደኛዬ ዝም አላለም፤ አንዱን ሽማግሌ ይዞ ስለ ክር እንጨቱ ይነግረው ጀመር። ሰውየው ሳቀ ብዬ ስጠብቅ ኪሱ ገብቶ ማስታወሻ ደብተር አወጣ፤ «የተዳፋቱ አንግል ስንት ነበር?» አለ። ልብስ ሰፊ ነው የሚያውቀው! ሁለቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥዕል ሲሥሉ እኔ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ባቡሯን ተሳፈርኩ፤ አንዴ አይደለም።

ባለፈው ድሬ ስገባ ደግሞ በአዲሱ ባቡር ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው። ሐዲዱ 1.435 ሜትር ይሰፋል፤ በእኛ ልክ አንድ ክብሪት ተኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ምቾቱን አልክድም፤ ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ስንንገጫገጭ፣ ዶሮ ጭናችን ላይ ስትተኛ፣ በየጣቢያው በመስኮት እንቁላልና ሻይ ሲቀርብልን የኖርን ሰዎች ነን። አሁን መስኮቱ አይከፈትም። ጣቢያው ከከተማ ስለራቀ ባጃጅ ይዤ ገባሁ፤ ነጂው ስለ ኑሮ ውድነት ሲነግረኝ እኔ መንገድ ዳር ዳር ነው የማየው፣ የሽቦ መኪና ፍለጋ።

አገኘሁ! ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ሲኖትራክ እየነዳ። ሽቦው ሽቦ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሌላ ዓለም። ጎማው የሃይላንድ ክዳን ነው። ዲናሞው ከሲዲ ማጫወቻ የወጣ፣ ባትሪው የሞተ ስልክ ባትሪ፤ በቻርጀር ይሞላዋል እንጂ ማንም አይነክሰውም። የፊት መብራቱ ይበራል፣ የኋላው ቀይ ነው፣ ሲገለብጥ ጀርባውን ቀና የሚያደርግበት ደግሞ የመርፌ ስሪንጅ ሁለት፣ በቀጭን ቱቦ የተያያዘ፣ ውሃ የተሞላ። አንዱን ሲጫነው ሌላው ያነሣል። ሃይድሮሊክ ነው እኮ! ሼፍ ቢያዩት በፈረንሳይኛ ነበር የሚስቁት።

«ባቡር ትሠራለህ?» አልኩት።

«ባቡር ማን ይገዛል?» አለኝ። ነጋዴ ነው፤ የድሬ ልጅ።

ስለ ክር እንጨቱ ልነግረው ቁጢጥ አልኩ። ዛሬ ክር የሚጠመጠመው በፕላስቲክ ነው፤ ለካ ልጁ የእንጨቱን ዓይነት አይቶ አያውቅም። ክብሪት ገዝቼ፣ ሁለት ስንጥር መሬት ላይ አቁሜ፣ በእጄ እየጠመዘዝኩ ሳስረዳው የባጃጅ ነጂዎች ከበው ይስቁብኛል። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «ተዳፋቱን ከሃይላንድ ክዳን ማውጣት ይቻላል፤ በሻማ አሙቆ መጫን ነው» አለ። እሺ፣ ሥራልኝ አልኩት። የክብሪቱን ሣጥን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተና 500 ብር አለ። 300 አልኩ። የባጃጅ ነጂዎቹ በእሱ ወገን ቆሙ። 400 ላይ ተስማማን፤ ነገ ከሰዓት ውሰድ ተባልኩ።

ዞር ብዬ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ጮኸብኝ፤ «ጋሼ! ባትሪው ለብቻ ነው አቦ!»